ስለ አሮጌ ኮምፒዩተርና ስለ አማርኛ ጽሑፍ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ቡና፣ ስለ እንሰትና ስለ ጤና ጠቃሚ ነገር አሰምተዋችኋል። እኔ የምናገርበት ጉዳይ ደረቅ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ይኸውም በኮምፒዩተር ክፍላችን ጥግ አቧራ ለብሰው ስለ ተቀመጡት ስድስት አሮጌ ኮምፒዩተሮችና በእነርሱ ላይ አማርኛ ለመጻፍ ስለሚያስፈልገው ሥራ ነው።

እነዚህ ስድስቱ ከንብረት መዝገብ ይሰረዙ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ውሳኔ በመጠበቅ ላይ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የቀረበው ምክንያት ሁለት ነው፤ አንደኛው አዲስ ፕሮግራም አይቀበሉም የሚል፣ ሁለተኛው አማርኛ አይጽፉም የሚል ነው። የመጀመሪያው ምክንያት እውነት ነው። ሁለተኛው ግን እውነት እንዳልሆነ የኮምፒዩተር ክበባችን በዚህ ዓመት በሥራ አይቶታል፤ እኔም እንዴት እንደ ሆነ ለማስረዳት ነው የመጣሁት።

በመጀመሪያ እውነት የሆነውን ልቀበል። የእነዚህ ኮምፒዩተሮች ሜሞሪ 512 ሜጋ ባይት ነው፤ ከመካከላችን ብዙዎቹ በኪሳቸው የያዙት ስልክ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። አንጎላቸውም ባለ 32 ቢት ነው። ዊንዶስ 11 ከ4 ጊጋ ባይት በታች ሜሞሪ ያለውንና ባለ 32 ቢት የሆነውን ኮምፒዩተር አይቀበልም። የዊንዶስ 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2025 አብቅቷል። በነፃ ከሚታደሉት ሊኑክሶች አንዱ የሆነው ዴቢያን እንኳ፣ ለአሮጌ መሣሪያ ብዙ ሲታገሥ የኖረው፣ በዚያው በ2025 በወጣው በ13ኛው ዕትሙ ለባለ 32 ቢት ኮምፒዩተር መጫኛ ማዘጋጀቱን ትቷል። ስለዚህ አዲሱ ዓለም በሁለቱም በኩል በሩን ዘግቶባቸዋል። በላያቸው ያለው አሮጌ ሊኑክስ ብቻ ነው፤ ለእርሱ የተሰናዱ ፕሮግራሞች ይገኙበት የነበረው መጋዘንም ከተዘጋ ቆይቷል።

ለአባቶችና ለእናቶች አንድ ነገር ላስረዳ። ሊኑክስም ሆነ ዊንዶስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይባላሉ። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማለት በመሣሪያው ብረትና በምንሠራባቸው ፕሮግራሞች መካከል ቆሞ ሥራ የሚያከፋፍል፣ እንደ ቤት አዛዥ ያለ ፕሮግራም ነው። የቤቱ አዛዥ ያላወቀውን እንግዳ ፕሮግራም አያስገባም። አዛዡ ያረጀ እንደ ሆነ ደግሞ ዛሬ የመጡትን እንግዶች ቋንቋ አያውቅም።

ታዲያ ስለ ስድስት አሮጌ ዕቃ ይህን ያህል መጨነቅ ለምን ያስፈልጋል ትሉኝ ይሆናል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለከፊሎቹ ተፈታኞች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። ከመካከላችን ግን ጣቱን በኮምፒዩተር ቁልፎች ላይ አሳርፎ የማያውቅ ብዙ ነው። አንድ ጽሑፍ ማስተየብ ሲያስፈልገን በባጃጅ ወደ ዲላ ሄደን በገጽ እየከፈልን እናስተይባለን፤ ወረቀቱ ተመልሶ ሲመጣም «ጌዴኦ» የነበረው «ጌዲኦ» ሆኖ እናገኘዋለን፤ ለማሳረምም ሁለተኛ የባጃጅ ሒሳብ አለ። ይህ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ እዚህ የተቀመጣችሁት ወላጆቻችን ታውቃላችሁ። ስለዚህ በአማርኛ የሚጽፍ አንድ ኮምፒዩተር ቢጨመር ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም።

ደግሞም አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ጌዴኡፋ በትምህርት ቤት በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ይህ ችግር አልነካውም። በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠን ጌዴኡፋ ስንጽፍ አሮጌው ኮምፒዩተር ምንም አላለንም፤ የአማርኛ ጽሑፍ ስንከፍትበት ግን ባዶ ሣጥንና የጥያቄ ምልክት ይደረድርልናል። አንዱ መሣሪያ አንዱን ቋንቋ አውቆ ሌላውን የሚክድበትን ምክንያት ለማወቅ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ አለብን።

ፊደላችን ብዙ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲቈጠሩ 231 ይሆናሉ። እነ ቋንና ጓን፣ እነ ሏንና ቧን፣ የግዕዝ አኀዞችንና ነጥቦችን ስንጨምር ቍጥሩ ከ256 ያልፋል። 256 የሚለውን ቍጥር ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። የቀድሞዎቹ ኮምፒዩተሮች ለአንድ ፊደል የሚሰጡት ቦታ አንድ ባይት ነበር፤ በአንድ ባይት ደግሞ ከ256 የበለጠ ነገር ለይቶ መቍጠር አይቻልም። ከዚያም ውስጥ ግማሹን የላቲን ፊደላት፣ ቍጥሮችና ምልክቶች አስቀድመው ይዘውታል። የቀረው ቦታ ለእኛ አይበቃም።

ይህ ችግር ከኮምፒዩተር በፊትም ነበረ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቴን በተማርሁበት በሚስዮን ትምህርት ቤት፣ በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ አንድ ኦሊቬቲ የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ነበረ። በእርሱ ላይ «ሉ»ን ለመጻፍ መጀመሪያ «ለ»ን፣ ቀጥሎ ቅጥያዋን ለብቻ መምታት ያስፈልጋል። ቅጥያዋ አንዳንድ ጊዜ ከፊደሉ ራቅ ብላ ትቀመጣለች፤ ደብዳቤውን በሩቅ ያየ ሰው ዝንብ ያረፈበት ይመስለዋል። በእንዲህ ያለው መኪና የሚሣቅበት አይደለም። የአማርኛ ጽሕፈት መኪና በማበጀት ስማቸው የሚጠራው ኢንጂነር አያና ብሩ የተጋደሉት ይህን የሚያህለውን ፊደል በጥቂት ቁልፍ ለማስገዛት ነው።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ትግሉ እንደ ገና ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት፣ ዶስ የሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም በነገሠበት ዘመን፣ በአሜሪካ የሚኖሩት አቶ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ እየራሳቸው አማርኛ የሚጽፍ ፕሮግራም ሠሩ። ከዚያ በኋላ እነ ፓወር ግዕዝ፣ እነ ቪዥዋል ግዕዝ፣ እነ ብራና ተከተሉ። ሁሉም ለአገር የጠቀሙ ናቸው። ነገር ግን እያንዳንዱ ፊደላቱን በራሱ ፈቃድ ስለ ደለደላቸው በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ቅራቅንቦ ይሆናል። በየመሥሪያ ቤቱ የሚከፍተው ጠፍቶ የተቀመጠ የአማርኛ ፋይል የበዛው ስለዚህ ነው።

መድኃኒቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለ345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች በዓለም ሁሉ የጸና ቍጥር ሰጣቸው። ሀ 4608 ሆነ። የእኛ ጪ 4906 ናት፤ ጩ ደግሞ 4905። በዚህ ስምምነት መሠረት የተጻፈ ጽሑፍ ዛሬ በአዲስ አበባ፣ ነገ በቶኪዮ ቢከፈት ያው ነው። ይሁን እንጂ ቍጥር መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ቍጥሩን የሚያውቅ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ማግኘት ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶስ ኤክስፒ የእኛን ፊደል ቅርጽ አልያዘም ነበር። ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽና የአማርኛ መጻፊያውን ይዞ የመጣው በ2007 ለገበያ የቀረበው ቪስታ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራ ኮምፒዩተር አማርኛ አይችልም የሚለው ወሬ ከዚህ የተወለደ ነው።

እንግዲህ የእኛ መፍትሔ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አማርኛውን ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ መጠበቅ ግዴታ አይደለም። አማርኛውን በራሱ ውስጥ ይዞ የሚዞር የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ካለ አዛዡ ቢያረጅም ግድ የለም። እንዲህ ያለ ፕሮግራም አለ፤ ስሙ ኢማክስ ነው።

ኢማክስ ከብዙዎቻችሁ መምህራን ጋር እኩያ ነው፤ እንዲያውም የሚበልጣችሁ ሳይሆን አይቀርም። የመጀመሪያው ኢማክስ እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ በኤም አይ ቲ ተሠራ፤ ዛሬ የምንጠቀምበትን ግኑ ኢማክስን ሪቻርድ ስቶልማን በ1985 ለሕዝብ አወጣው። በዚያ ዘመን «ስምንት ሜጋ ባይት የሚበላ ሆዳም» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ዛሬ ስምንት ሜጋ ባይት አንድ ጥሩ ፎቶግራፍ የሚይዘው ቦታ ነው። ሆዳም የተባለው ፕሮግራም ከዘመኑ አጠገብ ሲታይ መናኝ ሆኖ ተገኘ።

ለእኛ የሚጠቅመን ክፍል ግን የመጣው ከጃፓን ነው። በጹኩባ ከተማ በነበረው የኤሌክትሮ ቴክኒክ ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ሊቃውንት የዓለምን ቋንቋዎች በአንድ ገጽ ላይ ለመጻፍ ብለው ሙሌ የተባለውን ሥራ አበጁ፤ ከእነርሱም መካከል ታካሃሺ ናኦቶ የተባለው ሰው የኢትዮጵያን ፊደል አስገባበት። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 1997 ከወጣው ከኢማክስ 20 ጋር ተዋሐደ። ዓመቱን ልብ በሉልኝ፤ ዩኒኮድ ፊደላችንን ከመቀበሉ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። የአጻጻፉን ሥርዓት የወሰዱት ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ካወጡት ሴራ ከሚባለው የፊደል መተኪያ ነው። ይህን በሰማሁ ጊዜ የጪጩን ስም በጃፓን አገር የተሠራ ፕሮግራም እኔ ሳልወለድ በፊት መጻፍ ይችል እንደ ነበር አሰብሁና ዝም አልሁ።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። ፕሮግራም የሚገኘው በሁለት መልክ ነው። አንደኛው ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ሁለተኛው ሰው የጻፈው ምንጩ ነው፤ ሶርስ ኮድ ይባላል። እኛ የቡና አገር ሰዎች ልዩነቱን ለመረዳት አያስቸግረንም። ተሠርቶ ያለቀው ፕሮግራም እንደ ተቈላና እንደ ተወቀጠ ቡና ነው፤ ለዚያው ለታሰበለት ጀበና ይጠጣል እንጂ አይተከልም። ሶርስ ኮዱ ግን ዘር ነው። ዘር ያለው ሰው በራሱ መሬት ላይ ያፈላዋል፤ መሬቱ ደጋ ቢሆን ቈላ ቢሆን ችግኙ ከመሬቱ ጋር ይስማማል። ለአሮጌው ሊኑክሳችን የተቈላ ቡና የሚያቀርብልን ስለ ጠፋ ዘሩን በፍላሽ አምጥተን አፈላነው።

የመረጥነው እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን ኢማክስ 26.3 ነው። ከዚያ የሚበልጥ አዲስ አለ፤ ግን ምንጩ አዲስ በሆነ መጠን የሚጠይቃቸው አጋዥ ፕሮግራሞችም አዲስ እየሆኑ ይሄዳሉ፤ አሮጌው ቤታችን ደግሞ እነርሱ የሉትም። የተጨመቀው ፋይል አርባ ሜጋ ባይት ገደማ ነው።

ሥራው ሦስት እርምጃ አለው። መጀመሪያ ኮንፊገር የሚባለው ትእዛዝ ቤቱን ይዞራል፤ ኮምፓይለር አለ ወይ፣ ይህ አጋዥ አለ ወይ፣ ያኛው አለ ወይ እያለ ይጠይቃል። ሁለተኛው ሜክ ይባላል፤ እርሱ ምንጩን ወደ መሣሪያው ቋንቋ ያስለውጣል። ሦስተኛው የተሠራውን በየቦታው ያስቀምጣል። ሲነገር ይህን ያህል አጭር ነው። እኛን ግን ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብናል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ኮንፊገር ኢንተርኔት ላይ ምስጢር የሚጠብቀውን ግኑ ቲኤልኤስ የተባለውን አጋዥ አጣሁ ብሎ ቆመ። ይህ ቀላል ነበር። እነዚህ ኮምፒዩተሮች ከኢንተርኔት ጋር ስለማይገናኙ አያስፈልገንም ብለን በትእዛዙ ላይ ጨመርንለት። እንዲሁም የሥዕል መስኮትና ድምፅ አያስፈልግም አልን። ከምንጭ የመሥራት ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል፤ የማይበላውን ምግብ አታቅርብልኝ ማለት ይቻላል። ቀጥሎ ግን «ቲፑትስ የተባለውን ተግባር በየትኛውም አጋዥ ውስጥ አላገኘሁም» የሚል ቃል ጽፎ እንደ ገና ቆመ። ይህን በአያስፈልግም ልናልፈው አልቻልንም፤ ቲፑትስ ፊደሎቹን በስክሪኑ ላይ በየቦታቸው የሚያስቀምጥ ነው። የሚገኘው ኤንከርስስ በሚባል አጋዥ ውስጥ ነው፤ የእርሱንም ምንጭ ፈልገን፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ አምጥተን፣ አስቀድመን እርሱን ሠራን፤ ከዚያም የት እንዳለ ለኢማክስ ነገርነው። አንዱን ዕቃ ለመሥራት ሌላ ዕቃ መሥራት፣ ለዚያም ሌላ ዕቃ መፈለግ፣ በአሮጌ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ዕጣው ይህ ነው። ግድግዳ ልትለስን ትሄዳለህ፤ በመጨረሻ ጭቃ ለማቡካት ውሃ ስትቀዳ ትገኛለህ።

ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረን ግን ባትሪ ነው። ሜክ የሚሠራው በቀን ነው፤ ማለት አንዱ ፋይል ከሌላው አዲስ መሆኑን በተጻፈበት ቀን እያየ ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚተው ይወስናል። የኮምፒዩተሩ ሰዓት የሚጠበቀው ደግሞ በውስጡ ባለች፣ እንደ ሳንቲም ክብ በሆነች ባትሪ ነው። ባትሪዋ ሞታ ነበር። መብራት በጠፋ ቍጥር፣ እርሱም እንደምታውቁት ጥቂት አይደለም፣ ኮምፒዩተሩ ተነሥቶ ዛሬ እ.ኤ.አ. 2002 ነው ይላል። በ2019 የተጻፈውንም ምንጭ ሲያይ «ይህ ፋይል ገና ወደ ፊት የሚመጣ ነው» ብሎ ይደነግጥና የሠራውን ደግሞ ይሠራል፣ ያልሠራውን ሠርቻለሁ ይላል። የክበባችን ልጆች ግማሽ ቀን ሙሉ ስሕተቱን በምንጩ ውስጥ ሲፈልጉ ዋሉ። በኋላ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ የፋይሎቹን ቀን በማየት ነገሩን ደረሰችበት። ባለ 3 ቮልት ባትሪ ከሰዓት ሠሪ ገዝተን አስገባን፤ ቀኑን በእጃችን አስተካከልን፤ ችግሩም አለቀ። መጽሐፍ ውስጥ የኮምፒዩተር ሥራ የጠራ ሐሳብ ብቻ መስሎ ይጻፋል፤ እዚህ ግን ከባትሪና ከመብራት ጋር ነው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሜክ ሃያ ደቂቃ ያህል ሠርቶ ጨረሰ። እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። መጀመሪያ የሚወለደው ቴማክስ የሚባል ራቁቱን የሆነ ፕሮግራም ነው፤ ምንም አያውቅም ማለት ይቻላል። ከዚያ ሊስፕ በሚባል ቋንቋ የተጻፈውን ዕውቀት ያነባል፤ አንብቦ ሲጠግብ ያለበትን ሁኔታ እንዳለ በፋይል ላይ ያትመዋል፤ ያ የታተመው ኢማክስ ይባላል። አማርኛውም ያለው በዚህ በሊስፕ በተጻፈው ክፍል ውስጥ ነው። በአሮጌ መሣሪያ ላይ ያለ ችግር የሚሠራውም ስለዚህ ነው፤ ከአዛዡ የሚለምነው ነገር የለም።

የቀረው የፊደሉን ቅርጽ ማግኘት ነበር። መስኮት የሌለው ጥቁሩ የሊኑክስ ስክሪን በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው የፊደል ቅርጽ 256 ነው፤ ቢበዛ 512። የእኛ 345 ከላቲኑ ጋር ተደምሮ በ512 ውስጥ ይገባል፤ ዋጋው ግን አለ፤ ስክሪኑ ከ16 ቀለሞቹ ስምንቱን ይለቃል። ለጽሑፍ ስምንት ቀለም ከበቂ በላይ ነው። ቅርጹን የሚሠራ ሰው ከየት እናገኛለን ብለን ስንጨነቅ አስቀድሞ የተሠራ ሆኖ አገኘነው። በሊኑክስ የፊደል ቅርጾች ማኅደር ውስጥ ጎሃና አጋፋሪ የሚባሉ ፋይሎች ለብዙ ዓመታት ተቀምጠው ኖረዋል፤ በእኛም አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ነበሩ። ማንም አልከፈታቸውም እንጂ አማርኛው በቤቱ ውስጥ ነበረ። ጎሃን ጫንነው። ለእያንዳንዱ ፊደል የተሰጠው ስፋት ስምንት ነጥብ ብቻ ስለ ሆነ ብዙ እግር ያላቸው ፊደሎች ይጣበባሉ፤ ጨን ከጪ ለመለየት ዐይን ጥቂት መልመድ አለበት። ግን ይነበባል።

አጻጻፉ ቀላል ነው። በላቲን ቁልፎች ላይ እንደ ድምፁ ትመታለህ፤ ፕሮግራሙ ወደ ፊደል ይለውጥልሃል። ዲ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤ ብትመታ ዲላ ይወጣል። ጨ የሚጻፈው በትልቁ ሲ ነው፤ ቸ በትንሹ ሲ። ስለዚህ ይርጋ ጨፌ ትልቁን ይፈልጋል፤ ኮቸሬ ግን ትንሹን። የቁልፉን ሺፍት የረሳ ሰው ጪጩን «ቺቹ» አድርጎ ይጽፋታል፤ በክበባችን ውስጥም ይህ እንደ ስድብ ይቈጠራል።

ሁለት የሚያስቁ ነገሮች ልጨምር። በኢማክስ ውስጥ በዓለም ቋንቋዎች ሁሉ ሰላምታ የተጻፈበት አንድ ገጽ አለ፤ አማርኛም ተራውን ይዞ «ሠላም» ይላል፤ በንጉሡ ሠ። የአማርኛ መምህራችን ይህን ባዩ ጊዜ ቀይ ቢክ ፈልገው ነበር፤ ቃሉ በእሳቱ ሰ ሊጻፍ እንደሚገባው በስክሪኑ ፊት ቆመው አስተማሩን። ደግሞ በዚያው ፕሮግራም ያለው የቀን መቍጠሪያ ሁለት ቁልፍ ሲመቱለት የዕለቱን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይናገራል፤ ጳጉሜንንም ያውቃል፤ የወራቱን ስም ግን በላቲን ፊደል ነው የሚጽፈው። ሶርስ ኮዱ በእጃችን ስላለ ይህን ልናርመው እንደምንችል ከታናናሾቻችን አንዱ አስቦበታል።

በዚህ የተጻፈው ፋይል የሚቀመጠው በዩኒኮድ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። በፍላሽ ገልብጠን በጽሕፈት ቤቱ አዲስ ኮምፒዩተር ላይ ከፍተነዋል፤ አንዲት ፊደል አልጐደለችም። በዚህ በያዛችሁት መጽሔት ውስጥ ካሉት የተማሪዎች ጽሑፎች አራቱ የተየቡት በዚያ ጥግ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ነው። የትኞቹ እንደ ሆኑ ከኅትመቱ መለየት አይቻልም።

ስልክ ካለ ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው የሚል ሰው አለ። ስልክ አማርኛን አሳምሮ ይጽፋል፤ አልክድም። ነገር ግን ስምንት ገጽ በሁለት አውራ ጣት የጻፈ ሰው ምን ያህል እንደሚያደክም ያውቀዋል፤ ስልክ የሌለውም ተማሪ በየክፍሉ አለ። ስልክ ደግሞ በፈተናው ቀን በፊታችን የሚቀመጠውን የኮምፒዩተር ቁልፍ አያስለምድም።

እንዲሁም አሮጌው ሁሉን ይችላል ብዬ እንዳልዋሻችሁ እፈልጋለሁ። እነዚህ ኮምፒዩተሮች ሥዕልና ቪዲዮ አይሆንላቸውም። የደኅንነት ጥገና የሚያደርግላቸው ስለ ሌለ ከኢንተርኔት ጋር ሊያያዙ አይገባም፤ ይህን በተመለከተ የሚያስጠነቅቁን መምህራን ልክ ናቸው። መብራትም ከአዲሶቹ ይልቅ አብዝተው ይበላሉ። ትምህርት ቤቱ አዲስ ኮምፒዩተር የሚያገኝበት መንገድ ካለ እኛ ተማሪዎች በመጀመሪያው ሰልፍ እንገኛለን። ነገር ግን አዲሱ እስኪመጣ ድረስ አሮጌውን መጣል ሌላ ጉዳይ ነው። አባቶቻችን ያረጀ የቡና እግር ሲያጋጥማቸው ወዲያው አይነቅሉትም፤ ይጐነድሉታል፤ ከጕቶው አዲስ ቅርንጫፍ ይጠብቃሉ። ጕንደላውም ጊዜ ይፈልጋል፤ የተጐነደለ ቡና በዚያው ዓመት አያፈራም። የእኛ ግን በሦስት ቅዳሜ አፈራ።

ዛሬ ያለንበት ሁኔታ ይህ ነው። ከስድስቱ ሦስቱ አማርኛ ይጽፋሉ። አራተኛውና አምስተኛው የሜሞሪ ሰሌዳቸው ተበላሽቷል፤ ተመሳሳይ አሮጌ ሰሌዳ በቤቱ ያለው ሰው ቢሰጠን በአንድ ቀን እናስነሣቸዋለን፤ የተሠራውን ኢማክስ ከሦስቱ መገልበጥ ብቻ ነው የሚቀረው። ስድስተኛው በእውነት ሞቷል፤ እርሱ ከመዝገብ ቢሰረዝ አንቃወምም፤ የኀይል ማከፋፈያውንና ሁለት ገመዱን ግን አስቀድመን ፈትተን ወስደናል።

የክበባችን ጥያቄ አምስቱ ሳይሰረዙ እስከሚመጣው የትምህርት ዓመት መጨረሻ እንዲቆዩ፣ ክፍሉም ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ክፍት እንዲሆንልን ነው። እኔ በዚህ ዓመት ትምህርቴን ስለምጨርስ የሥራውን ቅደም ተከተል ከባትሪው ጀምሮ በአሥራ አንድ ገጽ ጽፌ ለታናናሾቼ ትቻለሁ፤ የተጻፈው በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ነው። ለማየት የምትፈልጉ ወላጆች ከምሳ በኋላ ወደ ኮምፒዩተር ክፍሉ ብትመጡ ሦስቱ በርተው ይጠብቋችኋል። ስማችሁን ትጽፋላችሁ። ጨ ያለበት ስም ያላችሁ ሺፍቱን አትርሱ።